ክንፍ፣ ቢራና ጨዋታ፤ የአሜሪካ ክንፍ ቤቶች ታሪክ

የአሜሪካ ፉትቦል ወቅት ሲሆን፣ እሑድ ከቀትር በኋላ በየትኛውም የአሜሪካ ከተማ ወደ አንድ ክንፍ ቤት የገባ ሰው የሚያየው ነገር ብዙም አይለያይም። ግድግዳው ዙሪያውን በቴሌቪዥን ተሸፍኗል፤ በእያንዳንዱ ስክሪን ሌላ ሌላ ጨዋታ ይታያል። የቡድናቸውን ማልያ የለበሱ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ በቀይ ሶስ የተለወሰ የዶሮ ክንፍ ይግጣሉ። አጥንቱ ሳህን ላይ ይቆለላል፤ ቢራው በትልቅ ማንቆርቆሪያ ይመጣል። ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያለው የማይታወቅ ሰው፣ ነጥብ ሲቆጠር እጁን ዘርግቶ እንኳን ደስ ያለህ ይላል።

ቤቱ ዛሬ በጣም ከመለመዱ የተነሣ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስላል። እውነቱ ግን ዕድሜው የአንድ ጎልማሳ ያህል ብቻ ነው። የተወለደውም ከሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው፣ ሥጋ ነጋዴ በርካሽ የሚሸኘው የዶሮ ክንፍ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ በቤት ቴሌቪዥን የማይገኝ ጨዋታ ነው። ሁለቱ አንድ ጣሪያ ሥር ሲገናኙ፣ ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰው ከወዳጆቹ ጋር ሦስት ሰዓት ሙሉ የሚቀመጥበት ቦታ ተፈጠረ። የዚህ ተቋም ዋጋም ሆነ ዛሬ የገጠመው ፈተና ከዚሁ አነሣሡ የሚመነጭ ስለሆነ፣ ታሪኩን ከሥሩ ማየት ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተናቀው ብልት

በእኛ አገር ዶሮ 12 ብልት ይወጣታል፤ ክንፏም እንደ ሌላው ብልት ድርሻ ሆኖ ድስት ውስጥ ይገባል። በአሜሪካ ግን ክንፍ ለረጅም ጊዜ ቦታ አልነበረውም። ጡቱና ታፋው ለገበታ ሲቀርብ፣ ክንፉ ከአንገትና ከጀርባ አጥንት ጋር ተጠቅልሎ ለመረቅ ይሸጥ ነበር። ይህ ዕጣው የተለወጠው ባፋሎ ከተማ ውስጥ ነው።

ባፋሎ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ምዕራባዊ ጫፍ፣ በኢሪ ሐይቅ ዳር ያለች፣ በብረትና በወደብ የኖረች ከተማ ናት። የብርዱ ወራት ረጅም ነው፤ በረዶው ይከብዳል። ፋብሪካ ውሎ የወጣ ሠራተኛ የሚሞቅበትና የሚጫወትበት ቦታ በየሰፈሩ ያለው መጠጥ ቤት ነበር። ከእነዚህ አንዱ፣ ጣሊያናዊ ዝርያ ያላቸው ባልና ሚስት፣ ፍራንክና ቴሬሳ ቤሊሲሞ፣ በ1935 የከፈቱት አንከር ባር ነው።

አንከር ባር ክንፍን በዛሬው መልኩ ማቅረብ የጀመረው በ1964 እንደሆነ ይነገራል። እንዴት እንደጀመረ ግን ቤተሰቡ ራሱ ሁለት ታሪክ ተርኳል። ልጃቸው ዶሚኒክ እንደሚለው፣ ነገሩ የሆነው አርብ ማታ ነው። ከደንበኞቹ ብዙዎቹ ካቶሊኮች ስለሆኑ ዕለቱን ሥጋ አይበሉም፤ ሌሊቱ ተጋምሶ ቅዳሜ ሲገባ ግን ይፈቀድላቸዋል። ዶሚኒክም እናቱን ለእነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ሥሪላቸው አላት። በፍራንክ አተራረክ ደግሞ፣ ዶሮ አቅራቢው ለስጎ የሚሆን ጀርባና አንገት ማምጣት ሲገባው ተሳስቶ ክንፍ አመጣ፤ እሱም ይህን የመሰለ ሥጋ ስጎ ውስጥ ማቅለጥ ያሳዝናልና ሌላ ነገር አድርጊበት ብሎ ለሚስቱ ሰጣት። በሁለቱም ታሪክ ድስቱ ፊት የቆመችው ቴሬሳ ናት። ክንፉን ለሁለት ከፈለችው፣ ጠበሰችው፣ በሚያቃጥል ሶስ ለወሰችው፤ ከጎኑም ለሰላጣ ተቆርጦ የተቀመጠ ሴለሪና የቤቱን የብሉ ቺዝ ማጥቀሻ አደረገችለት። ያ ሳህን ከዚያን ጊዜ ወዲህ በባፋሎ ብዙም አልተለወጠም።

ይሁንና የክንፍ ታሪክ በዚህ ብቻ ከተነገረ ግማሹ ይቀራል። በዚያው በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ የባፋሎ ጥቁሮች በሚኖሩበት ምሥራቃዊ ሰፈር፣ ጄፈርሰን አቬኑ ላይ፣ ጆን ያንግ የሚባል ሰው ዊንግስ ኤንድ ቲንግስ የተባለ ምግብ ቤት ነበረው። ያንግ የተወለደው አላባማ ሲሆን ወደ ባፋሎ የመጣው በልጅነቱ ነው። እንደ ራሱ አነጋገር፣ ሐሳቡን ያገኘው ዋሽንግተን ውስጥ ክንፍ በመሸጥ ጥሩ ስለሚነግድ ቤት ከነገረው አንድ ቦክሰኛ ነው። የያንግ ክንፍ ከቴሬሳው ይለያል፤ አይከፈልም፣ በዱቄት ተለውሶ ሙሉውን ይጠበሳል፣ ማምቦ የሚባል ጣፋጭና የሚያቃጥል ሶስ ይደረግበታል። የሁለቱ ቤቶች ርቀት አጭር ነው፤ በመካከላቸው የነበረው የዘር መለያየት ግን ሰፊ ነበር። ያንግ በ1970 ከተማዋን ለቅቆ ወደ ኢሊኖይ ሄደ። በዚያው ጊዜ የአንከር ባር ስም እየገነነ መጣ።

በ1980 ካልቪን ትሪሊን የተባለው ጸሐፊ ለኒውዮርከር መጽሔት የባፋሎን የዶሮ ክንፍ ታሪክ ሊጽፍ ሲነሣ፣ የቤሊሲሞ ቤተሰብን ሁለት ታሪኮች መዝግቦ አልቆመም፤ ጆን ያንግንም አግኝቶ የእሱን ወገን ጻፈ። ያንግ ግን በ1998 እስኪሞት ድረስ ብዙ ሰው አያውቀውም ነበር። ክንፍን ለገበታ ያበቁት ሁለት ማእድ ቤቶች ናቸው፤ የአንዱን ብቻ መተረክ ለታሪክ ፍትሕ አይሆንም። በደቡብ ያደጉ ጥቁር አሜሪካውያን ነጭ ባለመሬት የማይፈልገውን ብልት ጠብሰው መብላት ያውቁ እንደነበር ሲታሰብ ደግሞ፣ የሙያው ሥር ከባፋሎም ይርቃል።

ሳህኑ ላይ ያለው

የባፋሎ ክንፍ አሠራር ሲያዩት ቀላል ነው። ጫፉ ተቆርጦ ለመረቅ ይቀመጣል፤ የቀረው ከመገጣጠሚያው ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ቁራጭ ወደ ትከሻ ያለው፣ ትንሽዬ እግር የሚመስለው ነው። ሁለተኛው ሁለት ቀጫጭን አጥንት ያለው ጠፍጣፋው ነው። የትኛው ይጣፍጣል በሚለው ላይ የክንፍ ወዳጆች ሲከራከሩ ይውላሉ። ጠፍጣፋውን የሚወድ ሰው አጥንቶቹን ከጫፍ ላይ ጠምዝዞ አንዱን መዝዞ ያወጣና ሥጋውን በአንድ ጉርሻ ይጨርሰዋል።

በባፋሎ ወግ ክንፉ ዱቄት አይነካውም። እርጥበቱ ተጠርጎ፣ 190 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በጋለ ብዙ ዘይት ውስጥ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይጠበሳል። ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ቀልጦ እስኪወጣና ቆዳው ጥርስ ላይ እስኪሰማ ድረስ መታገሥ ያስፈልጋል፤ ቶሎ የወጣ ክንፍ ቆዳው እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ሼፉ ክንፉን ከዘይቱ አንጠፍጥፎ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይገለብጠዋል፤ ሶስና የቀለጠ ቅቤ ያፈስበታል፤ ከዚያም ሳህኑን በእጁ እያወዛወዘ ክንፉን ወደ ላይ ያነጥርና መልሶ ይቀበለዋል። አራት አምስት ጊዜ ሲነጠር ሁሉም ቁራጭ እኩል ይቀላል። ማንኪያ አይገባበትም፤ ማንኪያ ቆዳውን ይልጠዋል።

ሶሱ ከካየን በርበሬ፣ ከኮምጣጤ፣ ከጨውና ከነጭ ሽንኩርት የተሠራ ነው። በባፋሎ ዘይቤ ለሚሠራ ሁሉ መነሻ የሆነው ፍራንክስ ሬድሆት የተባለው፣ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ገበያ ላይ ያለው ሶስ ነው። ቅቤው የገባበት ምክንያት አለው። የበርበሬ ማቃጠያ ንጥረ ነገር በውሃ ሳይሆን በስብ ስለሚሟሟ፣ ቅቤው ሲበዛ ቃጠሎው ይለሰልሳል፤ ሲያንስ ይበረታል። ለስለስ ያለ፣ መካከለኛና የሚያቃጥል እየተባለ የሚታዘዘው በዚሁ መጠን ነው። ብሉ ቺዙ ምላስ ያበርዳል፤ ቀዝቃዛው ሴለሪ አፍ ያጥባል። ሌላው የአሜሪካ ክፍል በብሉ ቺዝ ፋንታ ራንች የሚባለውን ማጥቀሻ ቢወድም፣ የባፋሎ ሰው ይህን አይቀበልም።

ለመጠጥ ቤት የሚሆን ከዚህ የተሻለ ምግብ ማግኘት ከባድ ነው። ጨውና በርበሬው ያስጠማል፤ የተጠማ ሰው ቢራ ያዛል። በሌላ በኩል ክንፍ ቶሎ አያልቅም። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ያለው ሥጋ ጥቂት ስለሆነ እየተጋጠ፣ እየተወራ፣ ዓይን ስክሪን ላይ እያለ ይበላል። ሹካና ቢላ አይፈልግም፤ ዓይን ከጨዋታው መነሣት የለበትም። ከአንድ ሳህን ብዙ እጅ ያነሣል። ሶስ የነካው እጅ ስልክ ለመነካካትም አይመችም፤ ስለዚህ ሰዎች ሳይወዱ በግድ እርስ በርስ ይነጋገራሉ።

የባፋሎ ስደተኞች

ክንፍ ከባፋሎ የወጣው በማስታወቂያ ኃይል አይደለም፤ በሰው እግር ነው። ከተማዋ በ1950 ከ580 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት። በ1980 የቀራት 358 ሺህ ገደማ ነው። ፋብሪካዎች ሲዳከሙ፣ በመጨረሻም በጎረቤቷ ላካዋና የነበረው ትልቁ የቤተልሔም ብረት ፋብሪካ በ1983 አብዛኛውን ሥራውን ሲያቆም፣ ሕዝቡ ሥራ ፍለጋ ወደ ፍሎሪዳ፣ ወደ ኦሃዮ፣ ወደ ምዕራብ ተበተነ። የሄደበት ሁሉ የአገሩን ክንፍ ፈለገ፤ ሲያጣም ራሱ መሥራት ጀመረ። ከአገሩ ርቆ በርበሬና ሽሮ ያስላከ ሰው ይህን ስሜት ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል።

በ1977 የባፋሎ ከተማ አስተዳደር ጁላይ 29ን የዶሮ ክንፍ ቀን ብሎ አወጀ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1982፣ ባፋሎ ኖረው ወደ ኦሃዮ የመጡት ጂም ዲስብሮውና ስኮት ላወሪ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ፣ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አጠገብ አንድ ቤት ከፈቱ። የጎደላቸውን ክንፍ ለራሳቸውም ለተማሪውም ለማቅረብ ነበር። የቤቱ ስም ባፋሎ ዋይልድ ዊንግስ ኤንድ ዌክ ነበር። ዌክ የተባለው የባፋሎ ሌላ ምግብ ነው፤ ጨውና ከሙን የሚመስል ቅመም የተነሰነሰበት ዳቦ፣ ውስጡ በስሱ የተቆረጠ የበሬ ጥብስ ያለበት። ዌኩ ከጊዜ በኋላ ከስሙ ወጣ፤ ክንፉ ቀረ። ከአንድ የተማሪ ሰፈር የተነሣው ቤት ከ1,000 በላይ ቅርንጫፎች ያሉት ድርጅት ሆነ።

የዩኒቨርሲቲ ሰፈር መመረጡ ለዚህ ተቋም ጠቃሚ ነበር። ተማሪ ገንዘብ የለውም፣ ጊዜ ግን አለው፤ የሚደግፈው ቡድንም አለው። ክንፍ ደግሞ ያኔ በጣም ርካሽ ነበር። በ1980ዎቹ አሜሪካውያን ለጤና ይበጃል በሚል ቆዳና አጥንት የሌለው የዶሮ ጡት መግዛት ስለያዙ፣ አርቢዎች ጡቱን ሸጠው ክንፉ ይተርፋቸው ጀመር። ጡት በተፈለገ ቁጥር ክንፍ ተረፈ፤ ክንፍ በተረፈ ቁጥር ዋጋው ወረደ። መጠጥ ቤቶች በማክሰኞና በሐሙስ ምሽት አንዱን ክንፍ በጥቂት ሳንቲም እየሸጡ ባዶ የነበረውን ቀን በሰው መሙላት ቻሉ። ትርፉ ከክንፉ ሳይሆን አብሮት ከሚጠጣው ቢራ ይመጣ ነበር።

በቤት የማይታየው ጨዋታ

መጠጥ ቤትና ስፖርት ቀድሞም ይተዋወቃሉ። በ1933 በአሜሪካ የነበረው የአልኮል መጠጥ ክልከላ ሲነሣ በሴንት ሉዊስ ከተማ የተከፈተውን የፓሌርሞን ቤት ብዙዎች የመጀመሪያው ስፖርት ባር ይሉታል። በ1947 የቤዝቦል ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ ቴሌቪዥን መግዛት የቻለ ሰው ጥቂት ስለነበረ፣ አብዛኛው ተመልካች ያየው መጠጥ ቤት ተቀምጦ ነው። ኋላ ቴሌቪዥን በየቤቱ ሲገባ ይህ ጥቅም ጠፋ። ስፖርት ባርን እንደገና የወለደው በቤት ቴሌቪዥን ላይ የተጣለው ገደብ ነው።

በ1973 በወጣው ሕግ መሠረት፣ የፉትቦል ጨዋታ ትኬቱ ከ72 ሰዓት በፊት ተሸጦ ካላለቀ በዚያው ከተማ ቴሌቪዥን እንዳይታይ ማድረግ ይቻል ነበር። በዚያ ላይ ጣቢያዎች የሚያሳዩት ለአካባቢው ቅርብ የሆነውን ቡድን ነው። ከባፋሎ ወደ ኦሃዮ የሄደ ሰው ክንፉን ብቻ ሳይሆን ቡድኑንም አጥቷል ማለት ነው።

መፍትሔው ከጣሪያ ላይ መጣ። በ1979 ኢኤስፒኤን ስፖርት የሚያሳይ ጣቢያ ሆኖ ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ውስጥ ሎንግ ቢች ከተማ፣ ጆን ሞሪስና የራምስ ፉትቦል ቡድን ተጫዋች የነበረው ዴኒስ ሃራ ሌጀንድስ የተባለውን ቤት ከፈቱ፤ የዘመናዊው ስፖርት ባር አባት ተብሎ የሚጠራ ቤት ነው። ከዚያም መጠጥ ቤቶች በጣሪያቸው ላይ ግዙፍ ዲሽ እየተከሉ፣ ለጣቢያዎች የሚላከውን ሥርጭት ከሰማይ መጥለፍ ጀመሩ። ደንበኛ በቤቱ ሊያገኝ የማይችለውን ጨዋታ እዚያ አገኘ። የፉትቦል ሊጉም ዝም አላለም። የሴንት ሉዊስን ባሮች ከሰሰ፤ በ1986 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለሊጉ ፈረደለት።

ሕጋዊው መንገድ የተከፈተው በ1994 ነው። በዚያ ዓመት ዳይሬክቲቪ የሳተላይት አገልግሎቱን ሲጀምር የሊጉን የእሑድ ጨዋታዎች በአንድ ላይ ማቅረብ ያዘ። ባሮች ለዚህ የሚከፍሉት ሂሳብ በሚይዙት ሰው ብዛት የሚሰላ በመሆኑ ትልልቆቹ ቤቶች ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። ክፍያው ግን ይመልሳል። አንድ የፉትቦል ጨዋታ ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። የባፋሎ ቢልስ ቡድን ደጋፊዎች በየከተማው ማኅበር አቋቁመው፣ አንድ ባር መርጠው፣ ዘወትር እሑድ እዚያ መገናኘት ልማዳቸው ሆነ። የሌሎች ቡድኖች ደጋፊዎችም እንዲሁ አደረጉ።

ክንፍና ጨዋታ በአገር ደረጃ የተጋቡትም በዚሁ ዘመን ነው። ቢልስ ከ1991 እስከ 1994 በተከታታይ አራት ጊዜ ለፍጻሜው ጨዋታ፣ ለሱፐር ቦውል ደረሰ፤ አራቱንም ተሸነፈ። የመጀመሪያው ከሁሉ ይመር ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ሰኮንዶች የተመታችው ኳስ ከምሰሶው ውጭ አልፋ ባፋሎ 20 ለ19 ተረታች። ዋንጫው ባይገኝም የባፋሎ ስም አራት ዓመት ሙሉ በአገሩ ሁሉ አፍ ላይ ነበር፤ ከስሟም ጋር ክንፏ። ዛሬ የአሜሪካ የዶሮ አምራቾች ምክር ቤት በየዓመቱ ለሱፐር ቦውል ቅዳሜና እሑድ ስንት ክንፍ እንደሚበላ ግምቱን ያወጣል። የ2025ቱ ግምት 1.47 ቢሊዮን ነበር።

ጠረጴዛውን የሚያገለግሉት

የክንፍ ቤት አገልግሎት ከሌላ ምግብ ቤት ይለያል። በሌላው ቤት ጥሩ አስተናጋጅ የሚባለው ሂሳቡን በጊዜ አቅርቦ ጠረጴዛውን ለሚቀጥለው ደንበኛ የሚያዘጋጅ ነው። ክንፍ ቤት ግን ደንበኛው እንዲቆይ ነው የሚፈለገው። አስተናጋጇ የአጥንት ሳህን ትለውጣለች፤ እርጥብ ፎጣ ታድላለች፤ ባለቀው ብርጭቆ ፋንታ ሌላ ታስቀምጣለች። ከሁሉ በላይ ጨዋታ ታውቃለች። እዚያ ያለውን ስክሪን ወደ እነእገሌ ጨዋታ ቀይሪልን ሲሏት የትኛው ጠረጴዛ የትኛውን እንደሚከታተል ታስታውሳለች፤ ድምፁ ለየትኛው ጨዋታ እንደሚከፈትም አስማምታ ትወስናለች። የሁለት ተቀናቃኝ ቡድን ደጋፊዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሰላም ማሳደር ቀላል ሙያ አይደለም።

ይህ ሙያ የሚከፈለው ግን በአብዛኛው ከደንበኛ ኪስ ነው። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው እንዲከፍል የሚገደደው ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 2.13 ዶላር ሲሆን፣ ከ1991 ጀምሮ አልተነካም። ከዚያ የሚበልጥ የሚያስከፍሉ ክፍለ ግዛቶች ብዙ ናቸው፤ በቀሩት ግን አስተናጋጇ የምትኖረው በጉርሻ ነው። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ አንድ ሳህን ክንፍ የበላ ሰው ጉርሻውን በበላው ሳይሆን በተቀመጠበት ጊዜ ልክ ሊያስበው ይገባል። ጠረጴዛው የእሷ ሱቅ ነው፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተከራይቶታል።

ደንበኛ የሚሳብበት መንገድ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። በ1983 በፍሎሪዳ ክሊርዋተር የተከፈተው ሁተርስ ክንፍና ቢራን ከአስተናጋጆቹ ሴቶች አለባበስ ጋር ለወንድ ደንበኛ አቀረበ። በአሜሪካና በውጭ አገር ተስፋፋ፤ ሴቶችን ብቻ በመቅጠሩም ተከሶ በ1997 ገንዘብ ከፍሎ ተስማማ። ባፋሎ ዋይልድ ዊንግስ ሌላ መንገድ ያዘ። ከ1996 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል ድርጅቱን የመሩት ሳሊ ስሚዝ ናቸው፤ በእሳቸው ዘመን ቤቱ እናትና አባት ልጆቻቸውን ይዘው የሚገቡበት ሆነ። ከለስላሳ እስከ እንባ አውጪ የተደረደሩ ሶሶች፣ በየጠረጴዛው የጥያቄና መልስ ጨዋታ፣ በጣም የሚያቃጥለውን ክንፍ በተወሰነ ደቂቃ መጨረስ የሚጠይቅ ውድድር ተጨመረ። በ2003 አክሲዮኑ ገበያ ላይ ዋለ፤ በ2018 ዕዳውን ጨምሮ በ2.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። ሁተርስ ደግሞ በ2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ለመክሰሩ ብዙ ምክንያት ይኖራል። ለእኔ ግን ከሁለቱ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሰው ደጋግሞ የሚመለሰው ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወደሚገባበት ቤት ነው።

ርካሹ ሲወደድ

ተቋሙን የወለደው ርካሽነት ነበር፤ ስኬቱ ግን ያንኑ ርካሽነት በላው። አንዲት ዶሮ ሁለት ክንፍ ብቻ አላት። ክንፍ ቤቶች በዝተው የክንፍ ፍላጎት ሲጨምር፣ አርቢው ለክንፍ ብሎ ዶሮ ሊያበዛ አይችልም፤ የቀረውን ሥጋ ማን ይገዛዋል? ዋጋው ስለዚህ ወጣ። በጊዜ ብዛት ክንፍ በጅምላ ገበያ ከጡት ሥጋ የሚወደድበት ጊዜ መጣ። በ2013 ባፋሎ ዋይልድ ዊንግስ የዶሮዎቹ መጠን ስለተለያየና ዋጋው ስለናረ ክንፍን በቁጥር መሸጥ ትቶ በሳህን መጠን መሸጥ ጀምሮ ነበር። በ2017 ደግሞ ሲታወቅበት የኖረውን የማክሰኞ የግማሽ ዋጋ ክንፍ ትቶ፣ ቅናሹን አጥንት አልባ ወደሚባለው አዞረ።

አጥንት አልባው ክንፍ ክንፍ አይደለም። ተቆርጦ፣ በዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ የጡት ሥጋ ነው። ስሙ ያስነሣው ክርክር ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል። ከአጥንት አልባ ክንፍ ውስጥ አጥንት ውጦ ክፉኛ የተጎዳ አንድ ሰው ያቀረበውን ክስ የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 በ4 ለ3 ድምፅ አልተቀበለም፤ አጥንት አልባ የሚለው የአበሳሰል ዓይነት እንጂ የአጥንት አለመኖር ዋስትና አይደለም አለ። ሦስቱ ዳኞች የተለዩበት ምክንያት ለተራ ተመጋቢ ይቀርባል። አጥንት የለውም ተብሎ የተሸጠለት ሰው ያንን ማመኑ ጥፋት አይደለም።

ከዚያ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። በ2020 ባሮች ሲዘጉ፣ ክንፍ ተጠቅልሎ የሚሄድ ምግብ በመሆኑ ንግዱ አልሞተም። እንዲያውም በ1994 በቴክሳስ ተነሥቶ፣ ቴሌቪዥንና ቢራን ሳይሆን ተጠቅልሎ የሚሄድ ክንፍን ዋና ሥራው ያደረገው ዊንግስቶፕ በሰፊው አተረፈ። ሁሉም ክንፍ ሲያዝ ዋጋው በ2021 ሰማይ ነካ፤ ዊንግስቶፕም በዚያው ዓመት ታፋ መሸጥ ጀመረ። ባፋሎ ዋይልድ ዊንግስም መቀመጫ የሌላቸው፣ ይዘው የሚሄዱባቸው ትናንሽ ቤቶች መክፈት ያዘ።

ይህ ለውጥ ለነጋዴው ይመቸዋል፤ ለተቋሙ ግን አደጋ ነው። ክንፍ ቤት የተባለው ነገር ክንፍና ቤት ነው። ተጠቅልሎ የሄደ ክንፍ እራት ይሆናል እንጂ ከማይታወቅ ሰው ጋር እጅ አያጨባብጥም።

በዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የእንዲህ ያለ ቤትን ዋጋ ከሌላው በተሻለ እናውቃለን። የጆን ያንግን ሐሳብ የወለደችው ከተማ፣ ዛሬም በየሰፈሩ ማምቦ የተደረገበት ክንፍ የሚሸጥባት ከተማ ናት፤ የታክሲ ሹፌሩም የሌሊት ተረኛውም የበላው ምግብ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በጠዋት ሲጀምርም ማልያቸውን ለብሰው፣ ወገን ለይተው፣ አንድ ጠረጴዛ ከበው የሚከራከሩ ወንድሞችና እህቶች በሞሉባቸው ቤቶች፣ ከቡናው ቀጥሎ ክንፍ ሲታዘዝ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ሰው አገር ለመጣ ሰው፣ ሳይጠራ ሄዶ የሚቀመጥበት፣ በትንሽ ገንዘብ ረጅም ሰዓት የሚቆይበት ቦታ ቅንጦት አይደለም። ባፋሎን ለቀው የተበተኑት ሠራተኞች የፈለጉትም ይህንኑ ነበር።

ስለዚህ ክንፍ ቤት ነገ ይኖራል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በክንፉ ላይ አይደለም። ቴሬሳ ቤሊሲሞና ጆን ያንግ ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ገበያው የናቀውን ወስደው በሙያ አከበሩት፤ ምግቡ ርካሽ ስለነበር ጠረጴዛው ለሁሉም ሰው ተከፈተ። ክንፍ አሁን ከተወደደ፣ ይህን ወግ የሚወድ ባለቤት የክንፉን ዋጋ እየሰቀለ ከመሄድ ይልቅ፣ ዛሬ ሰው የናቀው ብልት የትኛው እንደሆነ ፈልጎ በዚያው ጥንቃቄ ቢጠብሰው ይሻላል። ሜኑው ሊቀየር ይችላል፤ ስክሪኑም ይለወጣል። የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ተማሪና ስደተኛ የሦስት ሰዓት ጨዋታ በኪሳቸው ልክ ተቀምጠው የሚያዩበትን ጠረጴዛ ያቆየ ቤት፣ የዚህን ተቋም ታሪክ በትክክል ወርሷል።